«ሰላም ይሉናል፣ ግን ማንም ቤቱ አይጠራንም»

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ከባለቤቴና ከ9 ዓመት ልጄ ጋር ለንደን ነበር የምንኖረው። የቤት ኪራይ ሲከብደን ባለፈው ዓመት ሄርፈርድሸር፣ ገጠር ገባን። እኔ አረጋውያንን በመንከባከብ በፈረቃ እሠራለሁ። ባለቤቴ መጋዘን ነው። መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው፤ እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም። መንደሯ አንድ ሱቅ፣ አንድ ፐብ (መጠጥ ቤት)፣ አንድ አዳራሽ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት አላት። አውቶቡስ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣል።

ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። መንገድ ላይ ሰላም ይላሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ በቃ። ጎረቤቴን ቡና አፍልቼ ጠራኋት። አንድ ስኒ ጠጥታ፣ አመስግና ሄደች። እስካሁን አልጠራችኝም። ሰው ሁሉ የሚገናኘው ፐብ ነው፤ እኔ ደግሞ አልጠጣም። ልጄን አንድ ልጅ ስለ ፀጉሯ ክፉ ቃል ተናግሯት አልቅሳ መጣች።

አሁን ደግሞ ሱቁ ሊዘጋ ነው ተባለ። ‹አክሲዮን ገዝተን እናድነው› የሚል ወረቀት በየቤቱ ገባ። ትንሹ 50 ፓውንድ ነው። ባለቤቴ ‹ዓመት ሙሉ ሳያውቁን ኖረው ገንዘብ ሲፈልጉ አወቁን› ብሎ ተናደደ። ወደ ለንደን እንመለስ እያለ ነው። ሐሙስ ማታ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ አለ። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?»

እህቴ፣ ሂጂ። ባለቤትሽንም ይዘሽው ሂጂ።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳሽ። የእንግሊዝ ገጠር ጉርብትና የሚጀመረው በሥራ ነው። እኛ ጋ አዲስ ሰው ሰፈር ሲገባ ጎረቤት ዳቦ ይዞ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። ትተዋወቂያለሽ፣ ከዚያ እድር ትገቢያለሽ። እነሱ ጋ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ አዳራሹ ውስጥ አብረሽ ወንበር ትደረድሪያለሽ፣ ሻይ ትቀጃለሽ፣ ዕቃ ታጥቢያለሽ። ስምሽን የሚይዙት እዚያ ነው። ቤት መጠራራት ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ይመጣል።

ጎረቤትሽ አንድ ስኒ ጠጥታ መሄዷን ንቀት አድርገሽ አትውሰጂው። ቶናና በረካ እንዳለ ማን ነገራት? እንግሊዞች ሰው ቤት ብዙ መቀመጥን ማስቸገር አድርገው ነው የሚያዩት። ቶሎ የተነሳችው አንቺን ላለማድከም ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ስትጠሪያት ቀኑን ከሳምንት በፊት ንገሪያት። ሦስት ዙር እንደሚጠጣና አንድ ሰዓት ያህል እንደሚወስድም አብረሽ ንገሪያት። እንዲህ ሲባል ደስ ይላቸዋል፤ የሚጠበቅባቸውን ያውቁታላ።

መንደሯን ማን እንደሚያንቀሳቅሳት ደግሞ እንይ። ከሩቅ ስታይው ሁሉንም ነገር መንግሥት የሚሠራው ይመስላል። አይደለም። አዳራሹን ውሰጂ። እንግሊዝ ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጉ የመንደር አዳራሾች አሉ። ብዙዎቹ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በጦርነቱ የሞቱ ልጆቻቸውን ለማስታወስ የተሠሩ ናቸው። አብዛኞቹን የሚያስተዳድሯቸው ደመወዝ የማይከፈላቸው ጎረቤቶች ናቸው። ቁልፉን የምትይዘው ሴትዮ፣ ቦይለሩ ሲበላሽ ስልክ የሚደውለው ሰውዬ፣ ሒሳቡን የሚጽፈው ጡረተኛ፣ ሁሉም እንዳንቺ ቤት ያላቸው የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ገፍቷል። የሚተካቸው ሰው ይፈልጋሉ፣ ግን አዲስ ሰው ደጃፍ ሄደው «ነይ አግዢን» ለማለት ያፍራሉ። አንቺ ደግሞ ካልጠሩኝ አልሄድም ብለሽ ቤትሽ ትጠብቂያለሽ። ዓመቱ ያለቀው እንዲህ እየተጠባበቃችሁ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሱቁ። ባለቤትሽ መጠርጠሩን አልፈርድበትም። በር ሥር የገባ ወረቀት ገንዘብ ሲጠይቅ ማንም ይጠረጥራል። ግን ይህ እንግሊዝ ውስጥ የታወቀ አሠራር ነው። ሱቅ ወይም ፐብ ሊዘጋ ሲል ነዋሪው ማኅበር ያቋቁማል፣ አክሲዮን ይሸጣል፣ ከዚያ ይገዛዋል ወይም ይከራየዋል። ኩምብሪያ ውስጥ ሄስኬት ኒውማርኬት የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ኦልድ ክራውን የተባለውን ፐባቸውን በ2003 ተሰብስበው ገዙት (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። በብሪታንያ በሕብረት ሥራ ማኅበር የተያዘ የመጀመሪያው ፐብ እየተባለ ይጠራል። ዛሬ እንዲህ በነዋሪ የተያዙ ሱቆችና ፐቦች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ፕላንኬት የሚባል በ1919 የተመሠረተ በጎ አድራጎት ድርጅት ለእነዚህ ማኅበራት ምክር ይሰጣል። ሐሙስ ዕለት «ፕላንኬትን አማክራችኋል ወይ?» ብለሽ ብትጠይቂ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ወረቀቱን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ማኅበር በ2014 በወጣው የሕብረት ሥራና የማኅበረሰብ ጥቅም ማኅበራት ሕግ የሚተዳደር ነው። የምዝገባ ቁጥር ይኖረዋል። ኤፍ ሲ ኤ የሚባለው የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ድረ ገጹ ላይ የማኅበራት መዝገብ አለው፤ የማኅበሩን ስም አስገብታችሁ በነፃ ታዩታላችሁ። ከሌለ ምዝገባው ገና በሂደት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ስብሰባው ላይ ጠይቁ። እስኪመዘገብ አትክፈሉ።

ደግሞ ይህ አክሲዮን ትርፍ የሚታፈስበት አይደለም። ዋጋው አያድግም። 50 ፓውንድ የከፈለ፣ ነገሩ ከሰመረ፣ መልሶ የሚያገኘው ያንኑ 50 ፓውንድ ነው። ምናልባት ትንሽ ወለድ ይታሰብ ይሆናል። ሱቁ ከከሰረ ግን ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ያለው ዋስትና ለዚህ የለውም። ማውጣትም በፈለጋችሁበት ቀን አይሆንም፤ ብዙ ማኅበራት የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ማውጣት አይፈቅዱም። ስለዚህ ለኪራይ ወይም አገር ቤት ለእናትሽ የምትልኪውን ገንዘብ እዚህ አታስገቢ። ቢጠፋ ቤታችሁን የማይነካ 50 ፓውንድ ካለ አስገቡት።

በዚህ አሠራር እኔ በጣም የምወደው አንድ ነገር አለ። አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው ያለው። 5,000 ፓውንድ ያስገባው ባለ ትልቅ ቤትም፣ 50 ፓውንድ ያስገባሽው አንቺም ስትመርጡ እኩል ናችሁ። ባለቤትሽ «አያውቁንም» አይደል ያለው? እዚህ መዝገብ ላይ ስማችሁ እንደማንኛውም ሰው ይሰፍራል፣ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ወረቀቱ በስማችሁ ይመጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። አስቤዛችሁን ከየት ነው የምታመጡት? እንደምገምተው ባለቤትሽ ከሥራ ሲመለስ ሄርፈርድ ካለው ትልቅ ሱፐርማርኬት ነው። የመንደሩ ሰውም ሁሉ እንደዚያው ያደርጋል። ከመንደሩ ሱቅ የሚገዛው ያለቀበትን ወተትና የረሳውን ዳቦ ብቻ ነው። በወተትና በዳቦ ደግሞ ኪራይና መብራት አይከፈልም። ስለዚህ አክሲዮን ገዝቶ ዕቃውን ከከተማ የሚያመጣ ሰው ሱቁን አላዳነውም። 50 ፓውንድ ባይኖራችሁ እንኳ በየሳምንቱ ሽንኩርቱን፣ ዘይቱን፣ እንቁላሉን ከዚያ መግዛት ይቻላል። ዋጋው ትንሽ ይወደድ ይሆናል። በምትኩ ባንኮኒው ጋ ቆመሽ ከሰው ጋር የምታወሪበት ቦታ በእግርሽ መንገድ ይኖርሻል። መኪና ለማትነዳ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሱቁ ውስጥ ፖስታ ቤት ካለ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። ይህን አንቺ ከማንም የበለጠ ታውቂዋለሽ። የምትንከባከቢያቸው ሽማግሌዎች ጥሬ ገንዘብ የሚያወጡት፣ ሒሳብ የሚከፍሉት የት ነው? ባንኮች ከትናንሽ ከተሞች እየወጡ ነው፤ ለብዙ አረጋውያን የቀረላቸው የፖስታ ቤቱ መስኮት ነው። ስብሰባው ላይ «ፖስታ ቤቱስ ምን ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂ። ሕንፃው የማን እንደሆነና ኪራዩ ለስንት ዓመት እንደሆነ ጠይቂ። ደመወዝ የሚከፈለው ሥራ አስኪያጅ ይኖር እንደሆነ፣ ወይስ ሁሉም በበጎ ፈቃደኛ ይሠራ እንደሆነም ጠይቂ። በፈቃደኛ ብቻ የሚሠራ ሱቅ ሰዎቹ ሲደክሙ ይደክማል።

ባለ ሕንፃው ለሌላ ሊሸጥ ከሆነም መላ አለ። በ2011 የወጣው ሕግ ነዋሪው አንድን ቦታ የማኅበረሰቡ ሀብት ተብሎ በአካባቢው መስተዳድር እንዲመዘገብ ለመጠየቅ ያስችለዋል። ፓሪሽ ካውንስሉ ወይም ቢያንስ 21 የአካባቢው መራጮች ይጠይቃሉ። ከተመዘገበ ባለቤቱ ለመሸጥ ሲነሳ ነዋሪው በ6 ሳምንት ውስጥ «እኛም እንፈልጋለን» ማለት ይችላል። ያኔ ሽያጩ በጠቅላላው እስከ 6 ወር ይዘገያል። ባለቤቱን ለእናንተ እንዲሸጥ አያስገድደውም። ገንዘብ ለማሰባሰብ ግን ጊዜ ይሰጣል።

ፓሪሽ ካውንስል ስልሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር እንዳታምታቺው። ከ1894 ሕግ ጀምሮ ያለ ዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን ነው። የአውቶቡስ መጠለያ፣ የልጆች መጫወቻ ሜዳ፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንዳንድ ቦታ የመንገድ መብራት እሱ ጋ ነው። ከምትከፍሉት ካውንስል ታክስ (ለአካባቢው መስተዳድር የሚከፈል የቤት ግብር) ትንሽ ድርሻ ወደ እሱ ይሄዳል። ስብሰባው ለሁሉም ክፍት ነው። አጀንዳው ከስብሰባው ቢያንስ 3 ሙሉ ቀን ቀደም ብሎ ይለጠፋል፣ አብዛኛውን ጊዜ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ። አንድ ቀን ሄደሽ ከኋላ ተቀመጪና አዳምጪ። የአውቶቡሱን ጉዳይ የምታነሺበት ቦታ እሱ ነው።

አሁን ላንቺ የሚሆን ሥራ ልጠቁምሽ። በፈረቃ ለምትሠራ ሴት «በጎ ፈቃደኛ ሁኚ» ማለት ቀላል አይደለም፤ የጀርባ ሕመሙንም የሌሊት ሥራውንም አውቀዋለሁ። ግን ብዙ መንደሮች ውስጥ፣ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ወይም አሮጌው ቀይ የስልክ ሳጥን ውስጥ፣ ዲፊብሪሌተር አለ፤ ልቡ ቀጥ ያለበትን ሰው በኤሌክትሪክ የሚያድን መሣሪያ። የስልክ ኩባንያው ቢ ቲ የማይሠራባቸውን ቀያይ ሳጥኖች በ1 ፓውንድ ለመንደሮች ሲሰጥ ቆይቷል። አንዳንዱ መጽሐፍ መዋዋሻ ሆኗል፣ አንዳንዱ የዚህ መሣሪያ ቤት። መሣሪያውን ግን አንድ ሰው በየጊዜው ማየት አለበት። መብራቱ አረንጓዴ ነው? ደረት ላይ የሚለጠፉት ፓዶች ጊዜያቸው አላለፈም? ዘ ሰርኪት በሚባለው ብሔራዊ መዝገብ ላይ ተመዝግቧል? ካልተመዘገበ በአደጋ ጊዜ ስልኩ 999 የደወለ ሰው መሣሪያው የት እንዳለ ላይነገረው ይችላል።

ይህን የሚያይ ሰው አላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከፈረቃ ስትመለሺ ቆም ብለሽ የምታይው የደቂቃዎች ሥራ ነው። የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ወስደሽ ከሆነ አዳራሹ ውስጥ ደረት አጫጫን አንድ ከሰዓት ልታሳያቸው ትችያለሽ። ከዚያ በኋላ መንደሩ ውስጥ የምትታወቂው «አዲሷ ጥቁር ሴትዮ» ተብለሽ አይሆንም። ልብ ሲቆም የሚጠሩሽ ሰው ትሆኛለሽ።

የፐቡ ነገር ብዙ አያስጨንቅሽ። መጠጥ መጠጣት ግዴታ አይደለም። ባንኮኒው ጋ ሄደሽ ሻይ ወይም ሎሚናት ታዣለሽ፣ እዚያው ትከፍያለሽ፣ ተቀምጠሽ ታወሪያለሽ። ብዙ ቦታ ልጅ ይዞ መግባት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፤ በቡድን ከተቀመጣችሁ በተራ ለሁሉም መግዛት ልማድ ነው። ሰው ከገዛልሽ ተራሽ ሲደርስ አንቺም ትገዣለሽ። ካልቻልሽ ገና ስትቀመጪ «የራሴን ገዝቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» በይ፤ ማንም አይከፋውም። የጥያቄና መልስ ውድድር የሚደረግበት ማታ ባለቤትሽን ላኪው። ኳስና ሩጫ የሚያውቅ ሰው የሚፈለግበት ጠረጴዛ አይጠፋም።

የምትጾሚ ከሆነም እድለኛ ዘመን ላይ ነሽ። «ቪጋን» (ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ምግብ የማይበላ) ካልሽ የገጠር አዳራሽም ቢሆን ይገባዋል። ማብራራት አያስፈልግሽም። ጥንቃቄ የሚፈልገው ድንች ጥብስ ነው። አንዳንድ የዓሣና የድንች መኪኖች የሚጠብሱት በከብት ሞራ ነው። ዓርብ ከመግዛትሽ በፊት «በምን ዘይት ነው የምትጠብሱት?» ብለሽ ጠይቂ።

አዳራሹ ውስጥ የቡና ጠዋት የሚባል ነገር መኖሩን ሳታዪ አትቀሪም። ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነው፤ ሰው ኬክ ይጋግራል፣ ቡናና ሻይ ይሸጣል። ማክሚላን ለተባለው የካንሰር በጎ አድራጎት በየዓመቱ መስከረም ላይ በመላ አገሪቱ የሚደረገው በጣም የታወቀ ነው። አንዱን ጠዋት «የኢትዮጵያ ቡና እኔ ላፍላ» ብለሽ ያዥው። ጀበናውን፣ ረከቦቱን፣ ፈንዲሻውን ይዘሽ ሂጂ። ዳቦሽንም ጋግሪ፤ ምን ምን እንደገባበት በወረቀት ጽፈሽ አጠገቡ አስቀምጪ፣ ለአለርጂ ይጠይቃሉ። ከሰልና ዕጣኑን ግን ቁልፍ ያዧን ሳታስፈቅጂ እንዳታቀጣጥዪ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ አዳራሹ ባዶ ይሆንብሻል፣ የአዳራሹ ኢንሹራንስም እሳት ላይፈቅድ ይችላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ማፍላት፣ መቁላቱን ውጭ በረንዳ ላይ ማድረግ ይቻላል። ሽታው ራሱ ሰው ይጠራል።

እጅሽ አፈር ከናፈቀው ደግሞ አሎትመንት ጠይቂ፤ ከካውንስል በዓመት ትንሽ ኪራይ የሚያዝ የጓሮ አትክልት መሬት ነው። ሙሉው ቁራሽ 250 ካሬ ሜትር ያህል ነው፣ ግማሹም ይበቃሻል። መንደሩ ከሌለው በ1908 ሕግ መሠረት 6 መራጮች ወይም ካውንስል ታክስ ከፋዮች በጽሑፍ ከጠየቁ ካውንስሉ ጥያቄውን ማየት ግዴታው ነው። የአገራችን ጎመን እዚያ ብርድ ላይ በደንብ ይበቅላል። ቃሪያ ግን መስታወት ቤት ካልገባ እምቢ ይላል።

የልጅሽ ነገር ከሱቁ ይበልጣል። ትንሽ ትምህርት ቤት መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል፤ ርዕሰ መምህሯን ጠዋት በር ላይ ታገኛታለሽ። ግን በር ላይ በማውራት ብቻ እንዳታልፊው። የተባለውን ቃል፣ ቀኑንና ማን እንደሰማ ጻፊ፣ በኢሜይል ላኪ፣ ምን እንዳደረጉ በጽሑፍ ጠይቂ። «ልጆች ናቸው፣ ያልፋል» ካሉሽ አይበቃም በይ። ትምህርት ቤቶች በዘር ላይ የተመሠረተ ጉልበተኝነትን የመከላከል ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። ልጅሽንም ቤት ውስጥ ፀጉሯን ስትሠሪያት ስለ ነገሩ አውሪያት፤ ያፈረችበትን ነገር ብቻዋን እንዳትሸከመው።

መንጃ ፈቃዱን ከአክሲዮኑም አስቀድሚ። በእንግሊዝ ገጠር መኪና የማይነዳ ሰው በሰው ጊዜ ነው የሚኖረው። ባለቤትሽ ሥራ ሲሄድ የምትቀሪው ታስረሽ ነው፤ ግማሹ ብቸኝነትሽ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። እስከዚያው የአውቶቡሱን ቀን ተጠቀሚበት፤ ከ2025 ጥር ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ በአብዛኞቹ የአካባቢ አውቶቡሶች የአንድ ጉዞ ዋጋ ከ3 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሰው የማይሳፈርበት መስመር ደግሞ መጀመሪያ ይቆረጣል።

ወደ ለንደን መመለሱን በተመለከተ፣ ባለቤትሽ የሚናገረው ሆድ ብሶት ነው፤ ችላ አትበይው። ውሳኔውን ግን በብርዱ ወራት አታድርጉት። ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ (በእነሱ 4 ሰዓት) ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ሰውም በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። መንደሩ የሚወጣው ከግንቦት በኋላ ነው። ክሪኬቱ፣ የአዳራሹ ባዛር፣ የነሐሴ የአትክልት ትርዒት፣ ሦስት እኩል ሽንኩርት ሳህን ላይ ደርድሮ የሚወዳደረው ሽማግሌ፣ ይህን ሁሉ ሳታዩ መንደሩን አየነው አትበሉ። እስከ መስከረም ቆዩ፣ ከዚያ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ያኔ ትምህርት ቤቱ የልጃችሁን ጉዳይ ቸል ካለ፣ ወይም አንቺ አሁንም የምትጠሪው የአንድ ሰው ስም ከሌለሽ፣ ባለቤትሽ ልክ ነው፣ ዕቃችሁን ጠቅልሉ። ለንደን ባይሆን እንኳ ሄርፈርድ ከተማ ውስጥ ኪራይ ጠይቁ። ሥራችሁም አይርቅባችሁም፣ አውቶቡሱም ከመንደሩ የበለጠ ይመላለሳል።